አሥራ ሰባተኛው ረድፍ

ከሀገረ ስብከት ቅጽ መጣ፣ ባለ አራት ዓምድ፦
ስም፣ ማዕረግ፣ አገልግሎት፣ ደመወዝ። የደብሩ ጸሐፊ ነኝና መሙላቱ ለእኔ ግድ።
ሰኔ ነው፤ ከጅሬን ተራራ የወረደ ዝናብ
ቆርቆሮውን ሲቀጠቅጥ፣ ሲበትንብኝ ሐሳብ፣
ወረቀቱ ረጥቧል፣ እስክሪብቶዬ ይንሸራተታል፣
ባጃጅ ከደጃፉ ጭቃ እየረጨ ያልፋል።

ከላይ ጀመርኩ እንደ ወጉ፦ አስተዳዳሪው፣ መልአከ ሰላም ተብለው
ከተሾሙ ወዲህ፣ ሲራመዱም ሲናገሩም ቀስ ብለው፤
ቀሲስ ኅሩይ፣ ቀዳሽም ናዛዥም፣
የሠፈሩ ኃጢአት ጆሯቸው ገብቶ አንድ ቀን አይወጣም፤
መሪጌታ ልሳኑ፣ ቀኝ ጌታው፣ ግራ ጌታ፣
በጸናጽል የሚጣሉ፣ በእራት የሚታረቁ ማታ፤
ገበዙ፣ ቁልፉ ከወገባቸው የማይለይ፣
ጧፍ አንድ በአንድ ቆጣሪ፣ "ይቺ ጉማጅ የማን ናት?" ባይ፤
ዲያቆናት አምስት፣ ትንሹ ናሆም፣ ድምፁ ገና ያልጎረነነ፣
የረዘመው ልብሰ ተክህኖ በመርፌ ቁልፍ የተመጠነ፤
እማሆይ ወለተ ሥላሴ፣ የቤተልሔሙን ስንዴ ለቃሚ፣
ዘበኛው በዳሳ፣ ከውሻው ይልቅ ሰሚ።

አሥራ ስድስት ሞላሁ። አሥራ ሰባት ላይ ደረስኩ፣
"ዋቅጅራ" ብዬ ስሙን ጻፍኩ፤ ማዕረጉ ላይ ቆምኩ።

ቄስ ነበረ። አስካለ በወሊድ ስትሞት፣
ሦስት ልጅ ትታ፣ አራተኛው ጨቅላ ሲያለቅስ ሌት ከሌት፣
ዲንቂቱን አገባ። ሕጉ ግልጽ ነው፤ ሁለተኛ ላገባ
ቄስ ክህነት የለም። መስቀሉን አስረክቦ ከመቅደሱ ወጣ፣ ፊታችን ሳያነባ።
ማንም አልበደለው፣ እሱም ማንን አልበደለም፤
ለዚህ ዓይነቱ ነገር ግን ቅጹ ላይ ዓምድ የለም።

ከሂርማታ ገበያ ጀርባ ዋንዛ ይጠርባል፣
ባለ ሦስት እግር በርጩማ፣ አንድ ወጥ፣ ያለ ምስማር ያቆማል፤
ቅዳሜና እሑድ ግቢያችንን ይጠርጋል፣ ቦዩን ይከፍታል።
አምና ጳጳሱ ሲመጡ የተቀመጡበት ወንበር የእሱ ነው፤
መደገፊያውን በጠርሙስ ስባሪ ሌሊቱን ሙሉ ያለሰለሰው።
"ማን ሠራው?" አሉ። "አንድ ምእመን" አልናቸው።
ደጅ ቆሞ ነበር፣ ጫማቸው እንዳይረጥብ ጃኬቱን ደርቦላቸው።

ባለፈው እሑድ ደግሞ ናሆም ከመቅደሱ ደጃፍ
ሕዝቡን ሊያዝ ቆሞ፣ ቃሉ ጠፋበት ከአፍ፤
"የተቀመጣችሁ ተነሡ" የምትለዋ ግእዝ፣ ሺህ ጊዜ ያላት!
መሪጌታ ሳሉ። ቀሲስ ኅሩይ መሬት መሬት አዩላት።
ከመስኮቱ ውጭ አካፋ ከጭቃ ሲላቀቅ ተሰማ፣
ቀጥሎም ያቺ ቃል መጣች፣ ዝቅ ባለ ዜማ።
ናሆም ተቀብሎ ጮኸ፤ ሕዝቡ ተነሣ፤
ውጭ ያለው አካፋ ብቻ እንደ ገና ጭቃ አነሣ።

ምን ልጻፍ? "ቀድሞ ቄስ"? ቁስል መነካካት ነው።
"አናጢ"? ይህ የክህነት ስም አይደለ። "ምእመን"? ማን ያልሆነው?
ሦስቴ ጻፍኩ፣ ሦስቴ ፋቅኩ፤ እርጥቡ ወረቀት ተቀደደ።
ከነቀዳዳው አሸግኩት፤ በማለዳ መኪና ሄደ።

ዛሬ ተመለሰ፣ ቀይ መስመር የተሰመረበት፦
"ረድፍ አሥራ ሰባት፣ ማዕረግ፣ ተሟልቶ ይቅረብ" የሚል ማኅተም ያረፈበት።
ይዤው ወደ ሂርማታ ወረድኩ። ዋቅጅራ ተቀበለኝ፣ ወረቀቱን ወደ ብርሃን አራቀ፣
በቀዳዳው አሻግሮ እኔን አየኝና ሳቀ።
"ቁጭ በል" አለኝ፣ በርጩማ ገፋልኝ፤
ዝናቡም አላባራ፣ እሱም መጥረቢያውን አልለቀቀ።