አስራ አንድ ቁጥር

ሰኔ ግም ሲል፣ የኳሱ ዘመን ሲዘጋ፣
እንድሪስን እንሸጣለን፣ በየዓመቱ አዲስ ዋጋ።
ያኔ ለፋብሪካው ቡድን ማልያ ሰፊ ነበርኩ፣
አስራ አንዱን ቁጥር ከጀርባው ላይ ያኖርኩ።

መጀመሪያ የሰማነው ሙሄ ፀጉር ቤት፤
ሾፌሩ ይርጋው፣ ግማሽ ፂሙ እንደቀረለት፣
«ፈርሟል!» አለ፣ «አልቋል በቃ ነገሩ፣
ደሴ ነው፣ ፒያሳ፣ ሰዎቹ ያደሩ፣
ነጭ ላንድክሩዘር፣ ከነታርጋ ቁጥሩ!»
ታርጋ ጠርቶ ለመጣ ማን ይከራከራል?
ውሸትማ ቢሆን ከየት ያስቆጥራል?
ማታውን ቁጭ ብዬ፣ በሻማ፣ መብራት ጠፍቶ፣
ተረተርኩት ቁጥሩን፣ ልቤ አብሮት ተፈትቶ።
በነጋው
እንድሪስ መጣ በሳንዳል፣ ዳቦ እየገመጠ፤
«ጋሽ ከማል፣ ማልያዬስ?» አለና ተቀመጠ።

መልሼ ሰፋሁት።

በሁለተኛው ዓመት «ሱዳን ነው» ተባለ፤
«ውሉ በዓረብኛ ነው፣ ያየ ሰው አለ!»
ወሬው ሐረጎን ወጣ፣ ጦሳ ሥር ተሰማ፣
ሲመለስ ሚስት ይዟል፣ አንዲት የካርቱማ።
ጌጡ ባለሱቁ በዱቤ ሻንጣ ሰጠው፣
ሰማያዊ፣ ትልቅ፣ ዚፑ ሁለት የሆነው።
የዘሃራ ልጅ እንኳ፣ ፊት የነሳችው፣
«እንዴት አደርክ?» አለችው።

እኔ ተረተርኩ።
ሻንጣው አልጋ ሥር ቀረ።
እኔ ሰፋሁ።

ሦስተኛው የኔ ነው። ለሚስቴም አልነገርኩ።

በዚያ ዓመት ጉልበቱ ከዳው፤ እግሩ ደንዝዞ
ተጠባባቂ ወንበር ላይ፣ ፎጣ በእጁ ይዞ፣
የሌላውን ጨዋታ ሲያይ ነው የከረመ።
ሰኔ መጣ፤ ዝም። ሐምሌ ገባ፤ ዝም።
አንድ ሰው እንኳ ጠፋ የሚሸጠው በአፉ።
ቦርከና ሞልቶ ይሄዳል፤ እሱ ቆሟል ከዳርቻው፣
ድንጋይ ይወረውራል፣ በግራ፣ በደህናው።

ሙሄ ጋ ገባሁና፣ ሳሙና ተቀብቼ፣
«ግብፅ ነው አሉ» አልኩ፣ መስታወቱን አይቼ።
«ማነው ያለው?» «ሰዎች።» «መቼ?» «የዛሬ ሐሙስ።»
ምላጩ አየር ላይ ቀረ። እስከ ማክሰኞ ድረስ
ወሬዬ ፓስፖርት አውጥቶ፣ አድጎ፣ ጎርምሶ፣
ገበያ መሀል አገኘኝ፣ ሊነግረኝ ተመልሶ።
እንድሪስ ያን ሳምንት፣ በዋናው አስፋልት፣
ሳያነክስ ሄደ። አየሁት።

ዛሬ ፋብሪካው በር ላይ ነው፣ ፈታሽ ሆኖ፤
የሠራተኛ ምሳ ዕቃ ይከፍታል፣ በቀስታ፣ አጎንብሶ።
ልጆቹ «እውን ተሸጠህ ነበር?» ሲሉት፣
«ሦስቴ» ይላል፣ በጣት።

ማልያው ከኔ ዘንድ ነው። ወደ መስኮት ሳነሳው
በአስራ አንዱ ዙሪያ ብርሃን ያሾልካል ቀዳዳው፤
መርፌዬ ሲገባ፣ ሲወጣ፣ ደግሞ ሲገባ የበሳው።

ባለፈው ረቡዕ መጣ፣ ሱሪ ሊያሳጥር።
ስለካው ቆይቶ፣ ወደ ግድግዳው እያየ፣
«ጋሽ ከማል፣ ያ የግብፁ… ማን ነበር ያወራው?»
መርፌ በከንፈሬ ይዤ ነበር።
«ሰዎች» አልኩ።
«ደግ ሰዎች ናቸው» አለ፣
የተረፈውን ጨርቅ በጣቱ ጠቀለለ።