ተው ባይ

ጦሳ ጉም እንደለበሰ፣ ደሴ ዐይኗን ሳትገልጥ፣
ከሆስፒታሉ አግዳሚ ላይ ተራችንን ስናዳምጥ፣
ወጣቱ ሐኪም ጠራን፤ በለዘበ ትሕትና
«ጋሽ ሙሔ፣ ጣትዎን ከአፍንጫዎ» አለና
ጠበቀ።
የአባቴ ጣት ተነሣ፤ ጉንጩን አልፎ ሄደ፣
ተመለሰ፣ ዋለለ፣ ከጆሮው ሥር ወረደ።

ይህ ጣት እኮ
አርባ ዓመት ሆጤ፣ ከሽመናው ጉድጓድ አፍ ተቀምጦ
መወርወሪያ የላከ ነው፣ በጨለማ እንኳ መንገድ መርጦ፤
ድር ሲበጠስ በጆሮው አውቆ፣ ሳያይ የሚቀጥል።
ዛሬ የገዛ ፊቱን አጥቶ አየር ላይ ሲዋልል!

የት እንደተመታ አውቃለሁ፤ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ፤
ለእናቴ በየትኛው ቃል ልንገራት? እሱ ነው የጨነቀኝ።
ከማጅራት በላይ፣ ከራስ ቅል ጓዳ፣ ንዑስ አንጎል የሚሉት፣
ባለፈው ወር በማጉያ መነጽር ስስ ቁራጩን ያየሁት።
ጎንበስ ብዬ አየሁ፣ ቀና አልሁ፣ ደግሜ አየሁ፦
ሸማ ነው።

ከሥሩ የፈሰሰ ጤፍ ይመስላል፣ ቁጥሩ የማይገባ ሕዋስ፤
ከቀረው አንጎል ሁሉ ይበዛል፣ ይህ ብናኝ ቢታፈስ።
እያንዳንዱ ፍሬ አንድ ክር ወደ ላይ ይመዝዛል፣
ላይ ሲደርስ ለሁለት ተከፍሎ ግራና ቀኝ ይዘረጋል፤
ክር ከክር ጎን ለጎን፣ ሳይጋጭ፣ ሳይጠላለፍ፣
የአባቴን ድር መስሎ፣ ተወጥሮ ከጫፍ ጫፍ።
በድሩ አግድም ዛፎች ቆመዋል፣
ጠፍጣፋ፣ ደብተር ውስጥ እንደደረቀ ቅጠል፤
መቶ ሺህ ክር አንዱን ዛፍ ነክቶ ሲያልፍ፣ ሲንጠለጠል።
ለአንድ ዛፍ ደግሞ አንድ ሐረግ፣ ተጠምጥሞ ይከርማል፣
እጅ የሳተ ለታ ብቻ «አይደለም!» ብሎ ይንጠዋል።

ዛፉስ? ያን ሁሉ ወሬ ሰምቶ ምን ይናገራል?
አንዲት ቃል አለችው፤
ተው።
«ሂድ» አይልም። «አበጀህ» አያውቅም።
ከታች ያሉ መልእክተኞች ሊሮጡ ሲቁነጠነጡ፣
በአንዱ «ተው»፣ በአንዱ ዝምታ ነው ቀጥ ያለ መንገድ የሚያወጡ።

ዐሥር ዓመቴ ነበር፤ ክረምት፣ ቆርቆሮው ሲንጫጫ፣
ከጉድጓዱ አወረደኝ፣ እግሬን አስይዞ መርገጫ።
ማጉን ሳጠብቅ «ተይ»፣ ሳላላ «ተይ»፣
ስቸኩል «ተይ»፣
ሰው ሲገባ ቀና ስል «ተይ»፤
እስኪመሽ ሌላ ቃል አልወጣውም።
አኮረፍሁ።
ሳምንት ባለፈ ቁጥር «ተይ» እየሳሳ፣ አንድ ቀን ጠፋ፤
ዞር ብል፣ አባቴ እንቅልፍ ወስዶታል፤
ከፊቴ ክንድ ሙሉ ሸማ ሰፋ።

በባጃጅ ወደ ሆጤ ወረድን። ውሃ ጠየቀ፤ ቀዳሁለት።
እጁ እንደ ልጓም የለሽ ፈረስ ብርጭቆውን አልፎ ሲበር፣
አንጓውን በሁለት ጣት ያዝሁት፤ ሳላጠብቅ፣ እንደ ክር።
«ተው፣ አባዬ» አልሁት።
«ተው... ተው...» አየኝ፤
ከወዲያ ማዶ ሊስቅ ዳዳው፣ ቃሉን አውቆት።
ብርጭቆው ተነሣ፤ ተንቀጠቀጠ፤
ግማሹ ፈሰሰ።
ግማሹ ደረሰ።