ስም ጥሪ

ባቡሩ ሲያወርደኝ ከተማው ስሙን በሰሌዳ ለጥፎ ቆመ፤
ፊደሉ የባዕድ ነው፤ ጆሮዬ ግን ቀድሞ ተረጎመ፦
ሰገድ።
ለማን እንደ ሰገደ አልጻፉም።
ኋላ ሳየው ግን እውነትም የሰገደ አገር ነው፤
ጋራ የለው፣ ኮረብታ የለው፣ ቀና ያለ ነገር የለው።
ዐይኔን የጣርማ በር ገደል ላይ እያሳረፍሁ ያደግሁ፣
የማሳርፍበት አጥቼ በመስኮት ስንከራተት ዋልሁ።
ወንዙም ቲሳ ይባላል፤ ገደል ዐይቶ አያውቅ፣
አይጮኽ፣ አይፎክር፣ መሄዱ እንኳ አይታወቅ።

«በዘጠኝ ነይ» ብላኝ ነበር የሬጅስትራሯ ወይዘሮ፤
በዘጠኝ ደረስሁ፣ በእኔ ዘጠኝ፣ ጀንበር ስታዘቀዝቅ፤ ተዘግቷል ቢሮ።
አውሮፕላኑ ሰባት ዓመት ሲያሻግረኝ ምንም አልመሰለኝ፣
ይቺ የስድስት ሰዓት ጉድለት ግን ደጅ አስቀረችኝ።

በማግስቱ ቅጽ ዘረጋች። «የቤተሰብ ስም?» «የለንም» አልኋት፤
«ሰው የራሱ ስም አለው፣ አባቱ ይከተለዋል» ብዬ አስረዳኋት።
ብዕሯን ነከስ አድርጋ አሰበች፤
አባቴን ከኋላዬ አንሥታ ከፊቴ አቆመች።
«እዚህ አገር የሁላችንም እንዲህ ነው፤
የእናትሽስ ስም ማነው?»
ያይኔአበባ።
ፊደል በፊደል ቆጠርሁላት።
ካረፈች አራት ዓመቷ፤
በስሟም ጠርቻት አላውቅ፣ እማዬ ነበር የምላት።
እንዲህ ሆንን፦ አባቴ ከፊት፣ እኔ ቀጥዬ፣ እሷ ከሥር፤
ሦስታችን ሳንነሣው የቀረ ፎቶ፣ በሰው አገር ማኅደር።

ገበያ ወጣሁ። በርበሬ በገመድ ተሰክቶ በየሱቁ ተንጠልጥሏል፤
ከተፈጨው ቆንጠር አድርጌ ቀመስሁ፤ ጉድ፣ ይጣፍጣል!
መልኩ የአገሬ፣ ጠባዩ የሌላ፤
ለማስነጠስ አፍንጫዬን ይዤ
ሳላስነጥስ ቀረሁ።

ትራም ላይ አንድ ሽማግሌ ሲገቡ «ኖር» ልል ብድግ አልሁ፤
ወራጅ መስያቸው ገለል አሉልኝ፤
«የለም፣ ለእርስዎ ነው» የሚለውን በየትኛው ቋንቋ ልበለው?
በሩ ተከፈተ፤ እሳቸውም በእጃቸው መንገዱን አሳዩኝ።
አፍሬ ወረድሁ።
ሦስት ፌርማታ በእግሬ፣ በካፊያ።

ከሃያ ሦስቱ ኪሎ አራቱን የበላው ብርድ ልብስ ነው፤
አባቴ ከሚሠራበት ፋብሪካ፣ ጠርዙ ላይ ቀይ መስመር ያለው።
«አውሮፓ ብርድ ልብስ ይጠፋል እንዴ?» ብለው ስቀውበት ነበር ጎረቤቶች፤
እሱ ግን ሻንጣውን በጉልበቱ ተጭኖ ዘጋው።
የክፍል ጓደኛዬ ሳራንጌሬል የሞንጎሊያ ልጅ ናት፤
ሳትጠይቀኝ አነሣችው፣ ፊቷን ቀበረችበት።
«በግ» አለች።
ከዚያ በላይ እንግሊዝኛ አላወጣችም፤ እኔም አላወጣሁ።
ሌሊት ስነቃ ግማሹ እግሯ ላይ ነበር።
ተውኩላት።

ሰኞ፣ የአፈር ጥናት። መምህሩ መዝገባቸውን ገልጠው
አንድ በአንድ ይጣራሉ፣ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው፦
«ዓለምሰገድ!»
ዞሬ በሩን አየሁ።
ቱታውን ለብሶ፣ ቆቡን በእጁ ጨብጦ የገባ መሰለኝ፤
ታናናሾቹን ሊያስተምር ከስምንተኛ ክፍል የወጣው ሰው፣
እግሩን ጠርጎ፣ «ይቅርታ፣ ዘገየሁ» ሊል።
«ዓለምሰገድ የለም?»
«አቤት!»
ድምፄ ከየት እንደ ወጣ እንጃ፤ የእሱን መሰለ።

ማታ ደወልሁለት።
«አባባ፣ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ስምህ ተጠራ።»
«ምን አጠፋሁ?» አለ።
«ኧረ ምንም! ተገኝቷል ተብሎ ተጻፈልህ።»
ዝም አለ።
ከኋላው የሽመናው መኪና ይንቋቋል፤ የሌሊት ፈረቃ ነው።
ሰው ጠራው፤ «መጣሁ» አለ፤ አልሄደም።
«እንግዲያስ የትናየት፣» አለኝ፣
«እንዳታስቀሪኝ።»