የምትክ ቅጽ

መስኮት ቁጥር ሦስት፣ የሬጅስትራር ቢሮ፤
ውጭ የዱሉት ሐይቅ በበረዶ ታጥሮ፣
ውስጥ ሚስተር ዴልበርት መነጽሩን ሰክቶ
ወረቀቴን አየ፣ ወደ መብራት አንስቶ።
“ጆርጂያ ነው ያልሽው? አትላንታ አካባቢ?”
“የለም፤ ሌላኛዋ፣” አልኩት።
ከኋላዬ ሳቀ አንድ ተመዝጋቢ።

ጥቁር ባሕር ማዶ፣ ከጋራዎች በታች፣
ሪዮኒ በሚሉት ወንዝ የተከፈለች፣
ኩታይሲ የሚሏት ዝናባም ከተማ፣
አሥራ ሁለት ሳምንት ቋንቋዋን ስሰማ፣
ስሰማ፣ ስሳሳት...

“ዘጠና ሰዓት ነው፤ ለአሥራ አምስት ሲካፈል
ስድስት ክሬዲት፣” አልኩ። የሱ ሒሳብ ግን ሌላ ይላል፦
“ሦስቱን እንቀበል፤ እሱም በምርጫ ስም።
‘አልፋለች’ ይጻፋል እንጂ፣ ‘ኤ’ እዚህ አይባልም።”

ሦስቱ የት ቀሩ ታዲያ? በየትኛው ኬላ?

አንዷ ክሬዲት እሷ ናት፣ ያቺ ሴት፣ ጺያላ፣
አልጋ ያከራየችኝ፣ ገበያ ዳር ሚስማር በኪሎ የምትሸጥ፣
ግሥ ስገድፍባት ጭልፋዋን አየር ላይ አቁማ የምታፈጥ፣
አስተካክዬ እስክለው ሾርባ የማትጨልፍልኝ።

ሌላዋ ያቺ ‘ቀ’ ናት፣ ከጉሮሮ ሥር የምትፈነዳ፣
ስድስት ሳምንት ሙሉ ሳስል የከረምኩላት በሰው ቤት ጓዳ።
የወጣች ለት ጺያላ ጎረቤቷን በመስኮት ጠራች፤
“እስቲ ድገሚላት፣” አለች፤
ሴትዮዋ እጇ ሊጥ እንደሆነ መጥታ ሰማች።

ሦስተኛዋ ደረጃው ላይ ቀረች።
ዝናብ ባራሰው ድንጋይ ተንሸራትቼ ስልጠው ጉልበቴን
ከላይ ጮኸች፣ “ጌናትስቫሌ!”
መምህሬ ኖና ፈታችልኝ በማግስቱ፦ “በአንቺ ፈንታ እኔን!
ምትክሽ ልሁን ማለት ነው፤
ለወደቀም ይባላል፣ እንዲሁ ለወደዱትም ሰው።”
ደብተሬ ላይ ጻፍኩት።
ፈተና ላይ አልመጣም።

“ይሄን ሙዪ፣” አለኝ ዴልበርት፣ ሰማያዊ ወረቀት ዘርግቶ።
የምትክ ቅጽ፣ ይላል ከላይ፣ በደማቁ ተጽፎ።
ስም፦ ማረን ሊንድክቪስት።
የትኛው ኮርስ፣ በየትኛው ፈንታ?
ሳቅ አመለጠኝ። ቀና ብሎ አየኝ ለአንድ አፍታ።
“ምን ያስቃል?”
“ምንም።”
በስፓኒሽ ሁለት ፈንታ ጆርጂያኛ አንድ፣ ብዬ
ፈረምኩ፣ ቀኑን ጨምሬ፣ እስክሪብቶውን ከክሩ ጋር ታግዬ።

ሊያያይዘው ሲል ስቴፕለሩ ጣቱን ነከሰው፤
የደም ጠብታ ቅጹ ጥግ ላይ። ከአፌ ወጣ፣ ሳላስበው፣
ያቺው የደረጃዋ ቃል፣ በጺያላ ድምፅ፣ በጺያላ ቁጣ።

ጣቱን እየመጠጠ ዝም አለ።
“ቋንቋው ይሄ ነው?”
“ይሄ ነው።”
“እስቲ ድገሚው፣” አለኝ፤ ሰልፉ ከኋላዬ እየረዘመ።
ደገምኩለት።
ቁጥሩን ግን አልነካውም። ሦስት ነው፤ ታተመ።