ለእያንዳንዱ ቁልፍ

ሦስተኛው ፎቅ ላይ ነኝ፣ እሪ በከንቱን ቁልቁል እያየሁት፣
የቤቶችን መዝገብ፣ ከሠንጠረዡ በፊት፣ በሕግ እየጻፍኩት።
በነጩ ሰሌዳ፣ ሊያልቅ በተቃረበ ሰማያዊ ቀለም፦
«ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ቤት አለ፤ ከአንድ በላይ የለም።
ለእያንዳንዱ ቁልፍ የሚከፍተው በር አለ፤
በር የሌለው ቁልፍ የለም።»

አለቃዬ ልሳኑ ብቅ አለ በበሩ፦ «ዛሬም ሒሳብ ነው ወይ?
የጠየቅንሽ መዝገብ፣ ሠንጠረዥ አልነበር? መቼ ነው የሚታይ?»
«መሠረት ሳይለካ ግድግዳ ይቆማል?» አልኩት እየሳቅኩ፤
ወደ ማሽኑ ዞሬ፣ ያንን ትዕግሥተኛ ፈታሽ ጠየቅኩ፦
«ሕጌን የሚያፈርስ ዓለም ካለ አምጣ፤ ትንሽ ትሁን ግዴለም፤
ሦስት ሰው፣ ሁለት ቤት፣ አንድ ቁልፍ ይበቃል፤ አገር አያሻህም።»

ሻዬ ሳይቀዘቅዝ አመጣው።
አንድ ሰው። አንድ ቁልፍ። ቤት፦ ባዶ።
ሕጌ ቤት አልመታም።

የፕሮግራም ስህተት ነው ብዬ ልዘጋው ስል፣ በሩ ተንኳኳና
«ልጄ፣ የቤት ቁጥር የምትሰጪው አንቺ ነሽ?» አሉኝ በትሕትና።
እማማ ትርፌ ናቸው።
ከማተባቸው ጋር፣ በዚያው ጥቁር ክር ቁልፍ አንጠልጥለዋል፤
በሩ ከተነሣ ሁለት ክረምት አልፏል።
«ቤቱ ፈረሰ እንጂ እኔ መች ፈረስኩኝ? አለሁ» አሉ፣
«ለ»ን ጠበቅ አድርገው።

ልሳኑ ከኮሪደር፦ «ዜሮ ዜሮ ዜሮ ብለሽ ሙይላቸው፤
ባዶ አይፈቀድም ካልሽ፣ የሆነ ቁጥር ፈጥረሽ ስጫቸው።»

ያልፍ ነበር እኮ። ማሽን ውሸት አይሸተውም፣ ቁጥር ከሆነለት።
እኔ ግን ሰሌዳው ሥር፣ «አለ»ን አፍጥጬ አየኋት፦
ሁለት ፊደል ብቻ፤ ስትጠብቅ መኖር ናት፣ ስትላላ ማለት።
ስንቱን ቤት፣ ስንቱን ሰው
አላልተን አንብበን ይሆን በዚህ ቢሮ
«አለ» ተብሎ ብቻ የቀረው?

በመዳፌ ጠረግኩና እንደገና ጻፍኩ፦ «ለእያንዳንዱ ቁልፍ
ያለ ወይም የነበረ በር አለ፤
የቆመበት ዕለት፣ የፈረሰበትም ዕለት ይጻፍ።»

ማሽኑ ፈለገ፣ ፈለገ፣ ፈለገ።
«ሕጉን የሚያፈርስ አላገኘሁም» አለ።
(ይሄኛው ላልቶ ነው።)

እማማ ትርፌ አልገረማቸውም። ቁልፉን በሁለት ጣት ይዘው፦
«መጻፍሽስ ደግ ነው፤ የነበረ ነገር ነበረ መባሉ።
ግን ለዛሬ ማታ፣ ልጄ፣
የቱን በር ይክፈት?» አሉ።

መዳፌ ሰማያዊ ነበር።
ወንበሬን ሳብኩላቸው።