ሞተር አለው ወይ?

ከሌሊቱ በአሥር፣ አውቶቡስ ሳይነሣ፣
ሐዴራ በእንቅልፍ ክንዷን ተንተርሳ፣
ሦስት ፎቅ ደረጃ እወርድ ነበር፣
ባትሪዬን አቅፌ፣ ጫማዬን ሳላስር።
ብስክሌቴ ከታች፣ ከቆጣሪው ጥጋት፣
እንደ ሹም በቅሎ ታስራ በሰንሰለት፤
ባትሪው ግን ከእኔ ጋር፣ ካልጋዬ አጠገብ፣
ግድግዳ ሲጠባ ያድራል እስኪጠግብ።

ማክሰኞ ብወርድ ቀርቷል ሰንሰለቱ፣
ተቆርጦ ተጋድሟል፣ ቁልፉ እንዳለ ባንገቱ።

ጅብ ከሄደ ወዲያ ውሻ ቢጮህ ምን አለ?
የተከራይ መድን ስከፍል ኖሬ የለ?

«ስምዎ?» አለች ልጅቷ።
«አልጣሽ።»
«ፊደሉን ይንገሩኝ?»
አንድ በአንድ ቆጠርኩላት፤ ትርጉሙን አልነገርኳት፦
እናቴ ሁለት ቀብራ ሦስተኛዋን፣ እኔን፣
አልጣሽ ብላ ጠራች። ያ ነበር የሷ መድን።

«ሞተር አለው ወይ?»
«አለው፣ ትንሽዬ፣ ከኋላው ጎማ ሥር።»
«እንግዲያ ተሽከርካሪ ነው፣ ከቤት ዕቃ አይቆጠር።»
ወደ ተሽከርካሪ ክፍል አሻገረችኝ፤
ሙዚቃ፣ ሙዚቃ፤ አንድ ጎልማሳ አነሣልኝ።
«ሰሌዳ አለው?» «የለውም።» «ፔዳልስ?» «ሁለት።»
«ብስክሌት እኛ ጋ የለም፤ ይመለሱ ከነበሩበት።»

የሌሊት ወፍ ትዝ አለችኝ፦
አይጦች ግብር ሲሏት ክንፏን ዘርግታ፣
ወፎች ግብር ሲሏት ጥርሷን አሳይታ
ያመለጠችዋ።
የእኔዋ ግን ግብሯ በየወሩ ተከፍሎላት
አይጥም ወፍም አልሆን አለች።

ልጅቷ ተመለሰች።
«የት ነበር የቆመው?» «ደረጃ ሥር።» «ደረጃ ቤት አይደለም፤
የጋራ ነው።» ስለ ጋራ ነገር አልተከራከርኩም።
«ባትሪውስ?»
«ከላይ ነው። እኔ ጋ ነው የሚያድረው።»
ድምጿ ፈካ አለ። «እሱማ ይካተታል፤
ቢሰረቅ ኖሮ» አለች፣ «ሙሉው ይከፈልዎታል።»

አሁን በእግሬ ነው፣
አርባ ደቂቃ፣ በብርቱካኑ እርሻ ዳር።
የማጥባቸው ሴትዮ፣ ወይዘሮ ሬጂና፣
«ዘገየሽ» ይሉኛል፣ ካልጋቸው ሳይወርዱ ገና።

በአሥር ሰዓት እነቃለሁ።
ባትሪው ካጠገቤ፣ ጠግቦ፣ አረንጓዴ ዓይኑን
አፍጥጦ ያየኛል
ጫማዬን አጥብቄ ሳስር።