አጥር የሚያወራው

ቧንቧ ውሃ ማዶ፣ ከባንኮኒው ጀርባ፣
ከጠባቧ ጓዳ፣ አየር ከማይገባ፣
የቁጠባ ማኅበሩን ኬብል ተንተርሶ፣
አንድ ጥቁር ሳጥን፣ አቧራውን ለብሶ፣
አረንጓዴ ዓይኑን ብልጭ ድርግም ሲያደርግ፣
«አብሽሪ ዘይነባ፣ አለሁ» የሚል ይመስል፣ ቃል ሳይፈልግ።
ፋየርዎል ይሉታል። የቤታችን አጥር፣
የገባ የወጣን በአሃዝ የሚቆጥር።

በውጭው በር ደግሞ አያ ሙሄ አለ፣
ከጦሳ በወረደ ጉም እየታጠበ።
ደብተር አለው ሙሄ፣ እርሳስ ከጆሮው ሥር፣
ማን ገባ፣ ማን ወጣ፣ ከትቦ የሚያድር።
ሲነጋ ደብተሩን ከመሳቢያ ከቶ፣
ያየውን ለሰፈር አያወራም ከቶ።

ሳጥኑም እንደ ሙሄ ይመስለኝ ነበረ፣
ያየውን ውጦ ዝም ብሎ የኖረ።

እስከ አንድ ሌሊት ድረስ። ሐምሌ ነው፣ ይዘንባል፣
ቆርቆሮው ከላዬ ይደለቃል፣ ይጮሃል።
መዝገቡን ስከፍተው፣ መስመር በመስመር፣
በየአምስት ደቂቃው አንድ መልእክት ሲበር፣
ከደሴ ተነሥቶ፣ ባሕር ተሻግሮ፣
የሠራው ድርጅት ወዳለበት ጓሮ።

የላከውን ቅጂ ገልጬ አነበብኩ፦
ማራገቢያው ስንቴ በደቂቃ እንደዞረ፣
ከበራ ስንት ቀን፣ ስንት ሌሊት እንዳደረ፣
የሆዱን ትኩሳት፣ የሶፍትዌሩን ዕድሜ፣
«መለያ ቁጥሬ ይኸው፣ አለሁ፣ በእግሬ ቆሜ።»
ይኼማ ምን አለው? ታማሚ ለሐኪም
ትኩሳቱን ቢነግር ማንም አይፈርድበትም።

ወረድ ስል ግን፦
የየትኛው ስልክ ዓይነት፣ የስንቱ ላፕቶፕ፣
የቱ በር ተንኳኳ፣ የቱ ገጽ ተከፈተ፣
በስንት ሰዓት፣ ስንት ደቂቃ ቆየ።
«ዘርፍ፦ ጤና። መሣሪያ፦ አንድ ስልክ።
ከምሽቱ ሦስት ሰዓት። አሥራ አንድ ቀን በተከታታይ።»
ስም የለበትም። እውነት ነው፣ ስም የለም።
ግን በዚያ ሰዓት፣ በዚያ ቢሮ፣ ማንም
ከሒሳብ ሹሟ በቀር አምሽቶ አያውቅም።
ለእኛ ያልነገረችውን፣ ለእናቷም የሸሸገችውን፣
ሳጥኑ በስሟ ጠርቶ፣ «ይታይሽ» አለኝ።

ትዝ አለኝ ያ ጊዜ፣ መስመር የጠፋበት፣
ከተማው በሙሉ አንደበት ያጣበት።
አንድ ረፋድ ላይ ሲግናል ብቅ ሲል፣
«አለሽ ወይ?» ሳልላት ሐይቅ ላለች እናቴ፣
ቁጥሯን ሳይጨርሰው ተንቀጥቅጦ ጣቴ፣
እሱ ቀድሞኝ ኖሯል። የወራቱን ወሬ፣
ያጠራቀመውን ለቆት እንደ ጎርፍ፣
ለማያውቁን ሰዎች፣ እኔ እዚያው ስለፋ ወረፋ ስጠብቅ።

ከገጹ ግርጌ ላይ፣ በደቃቃ ፊደል፣
ማንም ያላየው ምልክት አለ፦
«ምርቱን ለማሻሻል መረጃ ያጋሩ።»
ማን ነው «እሺ» ያለው? እኔ አልነካሁትም።
ከካርቶን ሲወጣ እሺ እንዳለ ነው።

ላጠፋው ስል ደግሞ፣ ጣቴ አየር ላይ ቀረ።
ግንቦት ላይ ነው። ያ ፋይል፣ ደረሰኝ የመሰለው፣
የት እንዳለ የማላውቀውን ቢሮ ሲበላው፣
የዚያ ቢሮ ሳጥን ጮኸ። የጮኸውን ሰምቶ፣
የእኛው በሩን ዘጋ፣ ፋይሉ ሳይደርስ ቀድሞ።
ያ ሳጥን ዝም ቢል፣ የይማም የበግ ብድር፣
የወይዘሮ ዘምዘም እቁብ፣ የት በተገኘ ነበር?
ከጎረቤት እሳት ጭሮ ያበሰለ ሰው፣
እሱ ሲጠየቅ ፍሙን በአመድ ቢቀብረው፣
ምን ይባላል እሱ?

ግማሹን አጠፋሁ። የትኩሳቱን ተውኩ፣
የሌባውን ዱካ ይንገር ብዬ ተውኩ፣
የሰዎቹን ሰዓት፣ የስልካቸውን ነገር ዘጋሁ።
የሄደው ግን ሄዷል። አይመለስም።

ሲነጋ ሙሄ ደብተሩን ዘረጋ።
«ዘይነባ፣ ሁለት ከአሥር ገባች» ይላል።
ከጎኑ ባዶ ነው። እርሳሱን ምራቅ ነክቶ፣
የወጣሁበትን ሰዓት ጻፈልኝ።

በሩ ላይ ይታይሽ ጥላዋን ስታራግፍ፣
«ደህና አደርሽ?» አለችኝ።
ምንም የማያውቅ ሰው ፊት ፈለግሁ፣
ከኪሴም፣ ከቦርሳዬም፣ አጣሁት።